በይሉኝታ የተሰጠ ቢጫ

ባጃጁ ከሰሜን ክፍለ ከተማ ተነስቶ ሆስፒታሉ በር እስኪደርስ ድረስ ኣቦይ ኣረፋይነ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱንም ለሹፌሩ። «ማርሽህን አታንገጫግጭ፣ ወደይ፣ ልጄ» አሉት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ነፍሳቸው ተጨንቃ እንኳ የሰው ማርሽ ያማቸዋል።

በአንድ ጎን ልጃቸው ፍሬወይኒ፣ በሌላው ጎን ጎረቤታቸው ኣደይ ኣሰለፈች ደግፈዋቸዋል። ሽማግሌው ጡጫቸውን ደረታቸው መሀል ተክለው፣ ከውስጥ ሊወጣ የሚታገል ነገር ያለ ይመስል ይጫኑታል። ግንባራቸው ረጥቧል። ፍሬወይኒ በነጠላዋ ጫፍ ብትጠርገው ወዲያው መልሶ ይረጥባል፤ ላቡም ቀዝቃዛ ነው። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሳለ ነው ጠርተዋት የወጣችው፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯ አሁንም አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ልብ አላለችውም።

«ጨጓራ ነው» አሉ ኣደይ ኣሰለፈች። «ተልባ ይጠጡ ብዬ ነበር። የኔን ነገር ማን ይሰማል! የሚሰማኝ ድመቴ ብቻ ናት፣ እሷም ሲርባት ነው።»

ፍሬወይኒ አልሳቀችም። ልቧ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። አንዱ አባቷ ላይ ነው። ሌላው፣ እግዜር ይቅር ይበላትና፣ ድንገተኛ ክፍሉ በር ላይ ቆሞ በሽተኛ የሚቀበለው ሰው ላይ ነው።

ሰውየው እስክንድር ይባላል። የወሎ ልጅ ነው፤ መቀሌ የመጣው ነርስነት ሊማር ነበር። አንድ ቀን የነጭ ጋዋኑ እጅጌ ረዝሞበት ሊያሳጥር ሱቋ ገባ። እጅጌው አጠረ፣ ነገራቸው ግን ረዘመ። ሊመረቅ ጥቂት ሲቀረው ጦርነቱ መጣና ከሌሎቹ ተማሪዎች ጋር በአውቶቡስ ተጭኖ ሄደ። መንገድ ተዘጋ፣ ስልክ ጠፋ። በዚያው ዘመን ወንድሟ ሓዱሽ ወደ ግንባር እንደወጣ ቀረ። ሰላም ሲወርድ እስክንድር ተመልሶ መጣ፤ መላኪያ ያጣ ደብዳቤ በፌስታል ሞልቶ መጣ። ፍሬወይኒ ሁሉንም አነበበች፣ አለቀሰች፣ ይቅርም አለች።

ኣቦይ ኣረፋይነ ግን ይቅር አላሉም። ሽማግሌ ቢላክ መለሱ፤ ደግሞ ቢላክ ደግመው መለሱ። «በክፉ ቀን ሄዶ በደህና ቀን የመጣ እንግዳ ነው» አሉ። «እንግዳን ምሳ ያበሉታል እንጂ ልጅ አይሰጡትም።» ከዚያ ወዲያ ቤቱ ውስጥ የእስክንድር ስም አልተነሳም። ፍሬወይኒም እልኸኛ ናት፤ ሌላ ሰው አላገባም ብላ ቁጭ አለች። አባትና ልጅ አንድ ማዕድ እየቆረሱ እንደ ተኳረፉ ኖሩ።

አሁን ታዲያ ያን ሰው ፈልጋ መሄዷ ነው። «ሰው አለኝ» እያለች ነው የምትሄደው፤ በልቧ ማለቷ ነው።

*

የድንገተኛ ክፍሉ በር በሰው ተጨናንቋል። እጁን በጨርቅ የጠቀለለ ጎረምሳ ከዘበኛው ጋር ይጨቃጨቃል። «ውስጥ ሰው አለኝ እኮ ነው የምልህ!»

«ሰው የሌለው ማን አለ?» አለ ዘበኛው። «እኔም ሰው አለኝ፣ ግን ይኸው በር ላይ ቆሜያለሁ።»

ሲስተር አክሱማዊት፣ ከእስክንድር ጋር በሽተኛ የምትለየው ነርስ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ለሁሉም ተናገረች። «ስሙኝ ወገኖቼ! እዚህ ቀድሞ የመጣ አይቀድምም፤ ቀድሞ የሚሞት ነው የሚቀድመው። አንጓው ላይ ቀይ ጨርቅ የታሰረለት አሁኑኑ ይገባል። ብርቱካናማ ከሱ ቀጥሎ፣ ጊዜ አይሰጠውም። ቢጫ ይጠብቃል። አረንጓዴ ምሳውን በልቶ ይምጣ። የሚጮኸውን አይደለም የምናየው፤ የሚጮህ ትንፋሽ አለው።»

ኣቦይ ኣረፋይነን ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። አክሱማዊት ፍሬወይኒን ስታይ አወቀቻት፤ የሁለቱን ነገር የማያውቅ የሆስፒታሉ ሰው የለም። ወደ እስክንድር ጠጋ ብላ፣ ቀስ ያለች መስሏት፣ «አማትህ መጡልህ! ዛሬ እንግዲህ ምንጣፍ አንጥፍ» አለችው። ዘበኛው ሳቀ። ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ ዞሮ አየ።

እስክንድር ጆሮው ድረስ ቀላ። ባለፈው ሳምንት የክፍሉ ኃላፊ ሰብስቦ ተቆጥቷቸው ነበር፤ ሠራተኛው የራሱን ዘመድ በጓሮ በር ያስገባል ተብሎ ሰው አቤት ብሏልና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁሉም እርስ በርሱ ይሰላለላል።

አጎንብሶ የሽማግሌውን እጅ ያዘ። «ኣቦይ፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት?»

ኣቦይ ኣረፋይነ ግድግዳውን አዩ። «ድሓን ነኝ። ጨጓራ ነው። ሰው በዝቶብሃል፤ ሌላውን እይ።»

«ደረትዎን ያምዎታል?»

«ጨጓራ አልኩህ። አማርኛህን ነው የተናገርኩት።»

«ደረቱን ነው!» አለች ፍሬወይኒ። «ከጠዋት ጀምሮ ደረቱን ነው የያዘው። ግራ እጄ ደንዝዟል ብሎኛል። ላቡን እየው!»

«ዝም በይ፣ ጓለይ» አሉ አባቷ።

እስክንድር የደም ግፊታቸውን ለካ። አንዴ ቀና ብሎ አያት። በዚያች አስተያየት ውስጥ ፍሬወይኒ የምታውቀው ሰው ነበር፤ ደብዳቤውን የጻፈው፣ መንገድ ሲከፈት በመጀመሪያው አውቶቡስ የመጣው። ያን ጊዜ ነው የተሳሳተችው። ጨንቋት፣ ሰው መኖሩን ረስታ፣ ሱቋ ውስጥ ብቻቸውን ሲሆኑ እንደምትጠራው ጠራችው።

«እስኬዬ! በሞትኩት!»

«አሃ!» አለ እጁን የጠቀለለው ጎረምሳ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ። «ይኼው! ሰው ያላት እሷ ናት!»

የእስክንድር ፊት በር እንደሚዘጋ ተዘጋ። ዓይኑን ከፊቷ አነሳ። እጁ ወደ ብርቱካናማው ጥቅል ሄዶ ነበር፤ ፍሬወይኒ አይታዋለች፣ በኋላም እምላለሁ ብላለች። እጁ ተመለሰ። ሌላውን አነሳና በሽማግሌው አንጓ ላይ አሰረ።

«ቢጫ» አለ ጮክ ብሎ። «አግዳሚው ላይ ይጠብቁ።»

ሰው ሁሉ በእርካታ ወደ ወረፋው ተመለሰ። ፍሬወይኒ ብቻዋን ከሰው መሀል የቆመች፣ ልብሷን የገፈፏት መሰላት።

*

አግዳሚው ላይ ሦስቱ ተደርድረው ተቀመጡ። የባጃጅ አደጋ የደረሰበት ልጅ በቃሬዛ መጣ፤ ቀይ ነው፣ ሮጠው አስገቡት። ቀጥሎ ትንፋሽ ያጠራት ነፍሰ ጡር መጣች፣ እሷም ገባች። ኣደይ ኣሰለፈች እያንዳንዱን ያለፈ ሰው ይረግማሉ፣ መልሰው ደግሞ ይመርቁታል። «ይቺ እንኳ ትግባ፣ ሁለት ነፍስ ናት። ያኛው ግን ምኑ ነው? ከኔ ይሻላል!»

«በልብሽ ሰው አለኝ ስትዪ አልነበር?» አሉ ኣቦይ ኣረፋይነ ለልጃቸው። ድምፃቸው ሳስቷል፣ ነገር መወርወሩን ግን አልተዉም።

«ኣቦይ፣ አትናገር።»

«ኣጆኺ፣ አይዞሽ። ነዳጅ ሰልፍ ላይ ያደርኩ ሰው ነኝ። ወረፋ የገደለው ሹፌር የለም።»

ፍሬወይኒ እስክንድርን ተመለከተች። ይወጣል ይገባል፣ ይጽፋል፣ ያስራል፤ ወደሷ ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይዞርም። ውስጧ የገባው ጥርጣሬ እንደ መርፌ ነው፤ ቀጭን ነው ግን ይዘልቃል። ሽማግሌዎቹን ስለመለሱበት ነው። ቂም ይዞ ነው። ቂሙን ሲያሳድር ቆይቶ ዛሬ ሽማግሌው እጁ ላይ ወደቁለት። እንዲህ ያለ ሰው ነው ለካ! እንዲህ ላለ ሰው ነው ለካ ወጣትነቴን የጣልኩት! ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ ሆዷ አንድ ነገር ሲነግራት እሷ አልሰማ ብላው የኖረች መሰላት።

«ፍረ» አሉ አባቷ።

«ወይ?»

ጭንቅላታቸው ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ የደከመው ሰው እንቅልፍ እንደሚጥለው ዓይነት ነው። ጡጫቸው ተፈታ። እጃቸው ከደረታቸው ተንሸራቶ ጭኗ ላይ ወደቀ፣ ቢጫው እንደታሰረበት።

የኣደይ ኣሰለፈች ጩኸት ግቢውን ሞላው። ከሁሉም ቀድሞ የደረሰው እስክንድር ነው። ወረቀቱን ጥሎ፣ ሰው ገፍትሮ፣ ሽማግሌውን እንደ ሕፃን አንስቶ ታቀፋቸውና ሮጠ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት ፍሬወይኒ ያየችው አጠገባቸው ተንበርክኮ ደረታቸውን በሁለት እጁ ሲጫን ነው፤ እያለቀሰ ይጫናል።

ያን ጊዜ ትጠላው ይሁን ትለምነው አላወቀችም። ሁለቱንም አደረገች።

*

ዶክተር መሓሪ በመጨረሻ ወጣ። አጭር፣ ድካም ያጠወለገው ሰው ነው። የልብ ደም ሥር መዘጋቱን ነገራት። ልባቸው ቆሞ ነበር፤ በኤሌክትሪክ መልሰውታል። «ተርፈዋል። ግን የልባቸው አንዱ ክፍል ሞቷል፤ ከእንግዲህ እንደ ድሮው አይሆኑም። ማስደንገጥ የለም፣ ማናደድ የለም። ገብቶሻል እህቴ?»

ገብቷታል። ወጥታ ከኦክስጅን ማስቀመጫው ጀርባ፣ አንሶላ በሚሰጣበት ቦታ ቆመች። እስክንድር ተከትሏት መጣ። ጋዋኑ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

«ቂም ነው?» አለችው፣ ሳትዞር። «ሽማግሌዎችህን መለሰ ብለህ ነው?»

«ቂም ቢሆን ይሻል ነበር።»

ዞረች።

«አውቄ ነበር» አለ። «እጃቸውን ስይዝ አውቄያለሁ። ጨጓራ እንዳልሆነ ላባቸው ነገረኝ። አንቺም ነገርሽኝ። ብርቱካናማ ነበር፤ አንድ ደቂቃ የማይሰጥ ብርቱካናማ።»

«ታዲያ?»

«ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። አክሱማዊት ቀለደች፣ ያ ልጅ ጮኸ። ዘመዱን አስቀደመ ሊሉኝ ነው ብዬ…» ድምፁ ተሰበረ። «እሳቸው ጨጓራ ነው አሉኝ። ያን ቃል እንደ ሰበብ ያዝኩት። የማላውቀው ሰው አባት ቢሆኑ ኖሮ፣ ፍረ፣ ሳላመነታ አስገባቸው ነበር።»

አንሶላው ነፋስ ገብቶት ይነፋል፣ ይተነፍሳል።

«እኔን ስለወደድከኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «አባቴ ከማንም በታች ሆነ ማለት ነው።»

«ለኃላፊው እነግራለሁ። ለሳቸውም ራሴ እነግራቸዋለሁ።»

«ለአባቴ እንዳትናገር! ዶክተሩ ያለውን አልሰማህም?»

እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ሸሸችው። ደግሞም እንዳይሄድ ፈለገች። እንዲህ ያለ ሕመም ምን ዓይነት ቀለም እንደሚታሰርለት እዚያ በር ላይ የተማረ የለም።

*

ኣቦይ ኣረፋይነ ቀና ብለው መቀመጥ ሲጀምሩ የመጀመሪያው ትእዛዛቸው፣ «ያንን የወሎ ልጅ ጥሩልኝ» የሚል ሆነ።

ኣደይ ኣሰለፈች ደነገጡ። «ሊሰድቡት ነው? ዶክተሩ መቆጣት አይችሉም ብሏል እኮ። ከፈለጉ እኔ ልስደብልዎ።»

«ጥሩት አልኩ።»

እስክንድር መጥቶ አልጋው ግርጌ ቆመ። ከስቷል። ፍሬወይኒ መስኮቱ ጋ ሆና ጀርባዋን ለብርሃኑ ሰጥታለች።

«ቅረብ። ቁጭ በል» አሉት ሽማግሌው። ትንፋሻቸው አጭር ስለሆነ ነገሩን እየቆረጡ ነው የሚናገሩት። «በዕድሜዬ አምርሬ የጠላሁት ‹ሰው አለኝ› የሚል ሰው ነው። ኬላ ላይ ሰው ያለው ያልፋል፣ እኛ እናድራለን። ዱቄት ሲታደል ሰው ያለው ተሸክሞ ይሄዳል፣ እኛ ጆንያችንን አጥፈን እንመለሳለን። እኔ አንድም ቀን ሰው አለኝ ብዬ አላውቅም።»

ቀጥለው የተናገሩትን ልጃቸውም ሰምታው አታውቅም።

«ለሓዱሽ ሰው ነበረኝ። ድሮ አብረን የነዳን፣ በኋላ ትልቅ ቦታ የደረሰ ሰው። አንዲት ቃል ብለው ልጄን ከኋላ ያስቀረው ነበር። አልጠየቅኩትም። የሰው ልጅ እየሄደ የኔ ይቅርልኝ አልልም አልኩ። እናቱ እስክትሞት ድረስ ይቅር አላለችኝም። እኔም… ልክ ነበርኩ ወይ እያልኩ ነው የምተኛው።»

«ኣቦይ፣ ይበቃሃል» አለች ፍሬወይኒ።

«አልበቃኝም። አንተ ልጅ፣ ስማኝ። እዚያ በር ላይ የምትወዳት ሴት እያለቀሰች፣ ስምህን እየጠራች፣ እኔን ከሰው እኩል አስቀመጥከኝ። ልሞት ደረስኩ፤ ይሁን! ሐቅ ነው። ከኔ ሌላ እንዲህ የሚያደርግ ሰው የለም ብዬ ነበር። አንተን ሳይ፣ ልክ ነበርኩ አልኩ። የኔ ብጤ ነህ። እንግዳ ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ልጄን ሰጥቼሃለሁ።»

ኣደይ ኣሰለፈች እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው፣ ሆስፒታል መሆኑ ትዝ ሲላቸው በእጃቸው ከደኑት።

እስክንድር ተነሳ። ፊቱ እንደ አንሶላው ነጣ። «ኣቦይ» አለ፣ «እኔ እርስዎ የሚሉት ሰው አይደለሁም። ያን ቀን እኔ…»

ሊናገር ነው። ፍሬወይኒ አየችው፤ ሊናገር ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ምን ይለኛል ሳይል ሊናገር ነው። በዚያች ሰዓት እንደ ድሮው ወደደችው። በዚያችው ሰዓት ደግሞ የአባቷን ፊት አየች። ልጃቸውን ካጡ ወዲህ እንዲህ ያረፈ ፊት አይታባቸው አታውቅም። ያ ፊት ቆሞ ያለው በአንድ ቢጫ ጨርቅ ላይ ነው። ጨርቁ ከተሳበ ሓዱሽ ዳግመኛ ሊሞት ነው።

«እስክንድር!» አለች ከመስኮቱ። «አባቴ መርቆሃል። አሜን በል።»

አያት። ለመናት በዓይኑ።

«አሜን በል» አለችው ደግማ።

«አሜን» አለ። ጎንበስ ብሎ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ። እሳቸውም የተወጋጋ እጃቸውን ጭንቅላቱ ላይ ጫኑ። ለዓመታት ተመኝታው፣ ተስላለት የነበረው ነገር ዓይኗ እያየ ሆነ፤ ፍሬወይኒ ግን ጉሮሮዋ ላይ ሬት ያንጠባጠቡባት ያህል መረራት።

*

ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። «ለኃላፊው ነግሬዋለሁ» አላት። «የተጻፈው ሽማግሌው ጨጓራ ማለታቸው ነው፣ ጥፋት የለብህም አለኝ።»

«ደግ ብሏል።»

«አንቺ ግን አለብህ ነው የምትዪው።»

«እኔ እዚያ ነበርኩ፣ እስኬዬ። እጅህ ሲመለስ አይቻለሁ።»

«ተሳሳትኩ! ሰው አይሳሳትም?»

«ብትሳሳት ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። መሳሳት የሰው ነው። አንተ ግን አውቀህ ነው።»

አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ባልዲ ይዛ በመሀላቸው አለፈች። እስክትርቅ ጠበቁ፤ ሰው ፊት ነገር ማውጣት ሁለቱም አይሆንላቸውም።

«አባትሽ ሰጥተውኛል» አለ።

«አባቴ የሰጠው ለሌላ ሰው ነው። እዚያ በር ላይ ለማንም ሳያዳላ ለቆመ ሰው። ያንን ሰው እኔም አላውቀው፣ አንተም አታውቀው።»

«አሜን በል ያልሽኝ አንቺ ነሽ!»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ለአባቴ ልብ ስል። ብንጋባ እሱ በየበዓሉ ያንን ቀን እያነሳ ሊያወድስህ ነው፤ አንተ አንገትህን ልትደፋ፣ እኔ ወጥ ላማስል። ልጅ ብንወልድ ለልጃችን ሊተርክለት ነው። ስንት አሜን ልንል ነው?»

«እወድሻለሁ፣ ፍረ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔም እወድሃለሁ። ባልወድህ ምን ቸገረኝ፣ ዝም ብዬ አገባህ ነበር።»

ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ ሄደ። በረጅሙ ኮሪደር ላይ ጀርባው እየራቀ ሲሄድ፣ ዞር እንዲል ጸለየች፤ እንዳይዞርም ጸለየች። አልዞረም። በስተመጨረሻ አንዲት አሮጊት አስቆመችውና አንድ ነገር ጠየቀችው። እጇን ይዞ ወሰዳት።

ፊቷን ታጥባ ተመለሰች። አባቷ ትራሱን ከፍ አስደርገው ተቀምጠዋል፤ ኣደይ ኣሰለፈች ሽሮ ሊያቀምሷቸው ይታገላሉ።

«ሄደ?» አሉ።

«ሄደ፣ ኣቦይ።»

«ሰርጉ መቼ ይሁን አለ?»

ኣደይ ኣሰለፈች ማንኪያውን እንደያዙ አፍጥጠው አዩዋት። ፍሬወይኒ የብርድ ልብሱን ጠርዝ አስተካከለች። ያልተዛነፈውን ሁሉ አስተካከለች።

«አሁንማ ሁዳዴ ነው» አለች። «በጾም ሰርግ የለ። ከፋሲካ በኋላ ይሆናል።»

«እሰይ! እስከዚያ እኔም እነሳለሁ። ረዳቴ የነበረውን ታዲዮስን ንገሩት፣ የሰርጉን እንግዳ በሱ አይሱዙ እናመላልሳለን። ፊት እኔ ነኝ የምቀመጠው፤ እሱ ማርሽ አያውቅም።» ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነባቸው፤ እሷ ጀርባቸውን ደገፈች፣ አብራቸውም ሳቀች፣ እንባዋ ከሳቁ ነው ብለው አመኑላት።

ከተማው ሁሉ ጾሙ ረዘመብን እያለ ፋሲካን በጉጉት ይጠብቃል። ፍሬወይኒ ግን የአባቷን ቀጭን ጀርባ በመዳፏ ይዛ፣ በዚህ ዓመት ፋሲካ ባይመጣ ብላ ተመኘች፤ ከነኃጢአቱ ተመኘች።